ከእንድሪስ የደበቅነው

ከባለቤቴ ከእንድሪስ ጋር እንደ ጤነኛ ሰው ያደረግነው የመጨረሻ ነገር አልጋ ማውጣት ነበር። አዋሽ ሰባት በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢው ያወጣል። እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ከበሩ ልናልፍ ስንል የያዘውን አስቀመጠና በእጁ ቀኝ ጎኑን ደገፈ። ምን ሆንክ ብለው፣ "ትኋኑ ወፍሯል መሰለኝ፣ አልጋው ከበደ" አለኝ። ሳቅን። እንደገና አንስተን አወጣነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን አልጋ ከጎረቤት ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አላወጣሁትም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እንድሪስ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። እኔ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበረችኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ሁለታችንም ከወሎ የመጣን ነን። ሰዓዳ የምትባል አንዲት ልጅ አለችን፤ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር።

ይህን የምጽፈው የማይድን ሰው በቤቱ ለሚያስታምም ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንዱን ቀን ለመጻፍ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የጎኑ ሕመም መጣ ሄደ ሲል አንድ ወር አለፈ። ከዚያ ምግብ ጠላ። ሥጋ የሚወድ ሰው የሥጋ ሽታ አላስቀርበው አለ። ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳለት፤ ሌላም ጨመረ። ሰውነቱ እየቀነሰ ሆዱ ብቻ ወጣ። አንድ ቀን ከሰርዶ ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አየሁት። በማግስቱ ታላቅ ወንድሙ ይመር፣ ሎጊያ ላይ ሱቅ ያለው፣ መጣና ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደው።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ይመር ወንድሙን አልጋ ላይ አሳርፎ እኔን ወደ ሻይ ቤቱ ጓሮ ጠራኝ። ሐኪሙ እንድሪስን ለራጅ ልኮት ሳለ ለይመር ብቻ ነግሮታል። ካንሰር ነው። ጉበቱን ይዞታል። በቀዶ ጥገና አይወጣም። "ከእንግዲህ እኛ ዘንድ የሚያድነው ነገር የለም። ቤቱ ውሰዱት። ሥቃዩን መቀነስ ግን ይቻላል" ነበር ያለው።

"እሱስ ምን ተባለ?" አልኩት።

"የጉበት እብጠት ነው፣ በኪኒን ይጠፋል አልኩት። አንቺም እንዲሁ በይው፣ ሐዋ። ተስፋ ከቆረጠ ሳምንት አይቆይም።"

እሺ አልኩ። እንቢ ማለት የሚቻል አልመሰለኝም። ባደግሁበት አገር እንኳን ለታመመ ሰው፣ ለጤነኛም ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ሰውና ሰዓት ተመርጦ ነው የሚረዳው። ሰዓዳንም አባቷን እንዲህ ሆኖ እንዳታይ ብለን ከይመር ጋር ወደ ሎጊያ ላክናት። እንድሪስ "ለምን ትሄዳለች?" ሲል "እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል" አልነው። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ።

ይመር ከሐኪሙ የተሰጠ የታሸገ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ነበር። ለከተማችን ጤና ጣቢያ የተጻፈ ነው። ወስጄ ለነርሷ ለሲስተር አልማዝ ሰጠኋት። የሰሜን ሸዋ ሰው ናት፤ ቀጭን፣ ምላሷ ፈጣን፣ ከተመደበች ሁለት ዓመቷ። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

"ለሥቃዩ የኮዴይን ኪኒን እሰጥሻለሁ" አለች። "ሲብስ ደግሞ ከእሱ የሚበረታ የፔቲዲን መርፌ ከናዝሬት ለማስመጣት እጽፋለሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። የቀረውን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ አሳይሻለሁ።"

እንዳለችውም በየቀኑ መጣች። ዛሬ ለማይድን ሕመምተኛ እንዲህ ያለ እንክብካቤ የሚሰጡ ቤቶችና ሠራተኞች እንዳሉ እሰማለሁ፤ እንክብካቤውም የራሱ ስም አለው። እኛ ያኔ ስም አልነበረንም። የነበረችን ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ የምትመጣ አንዲት ሴት ናት።

በመጀመሪያ ያስተማረችኝ ማገላበጥን ነው። አንድ ጎኑ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ እንዲገባ፣ ዳሌውና ተረከዙ ቀልቶ እንደሆነ በየቀኑ እንዳይ። ስናዞረው እንድሪስ፣ "ቀስ፣ ቀስ፣ ተሰባሪ ዕቃ ነው የጫናችሁት" ይላል። እሷም፣ "አንተ ዝም በል፤ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" ትለዋለች። ቢጫነቱ ቆዳውን ያሳክከው ስለነበር ጥፍሩን አሳጥሬ ቆረጥኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት። ኮዴይን ሆድ ያደርቃል፤ ለዚያ ከመልካ ወረር እርሻ የሚመጣ ፓፓያ አበላው ነበር።

ከሁሉም የከበደኝ አለማስገደድ ነው። እኛ በምግብ እንለምናለን። በጣቴ ይዤ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እለዋለሁ፤ እሱ እኔን ላለማሳዘን ይውጥና ወዲያው ይመልሰዋል። አንድ ቀን ሲስተር አየችን። "ሐዋ፣ ሆዱ አይቀበልም እኮ። ረሃብ አይደለም የሚያከሳው፣ በሽታው ነው" አለችኝ። እንድሪስም ቀበል አድርጎ፣ "ንገሪልኝ፤ በራሷ ሞት እየማለች እኔን ልትገድለኝ ነው" አላት። ከዚያ ወዲህ ያለ ልመና አቀርብ ጀመር። የፈለገውን ቀመሰ፤ ብዙውን ቀን ሁለት ማንኪያ ወተት ነበር።

ወተቱን የሚያመጣልን ሑመድ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነው። እንድሪስ ዱሮ መንገድ ላይ የታመመች ሴት ልጁን በመኪናው ወደ ሐኪም ስላደረሰለት ወዳጆች ነበሩ። ግመሎቹ አዋሽ አርባ አካባቢ ሲሆኑ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል።

አሁን ስለ ስህተታችን ልጻፍ።

ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንድሪስ ኮዴይኑን አልውጥም አለ። "ይህን ያህል ጊዜ ዋጥኩት። እብጠቱ ባሰበት እንጂ አልጎደለም። የማይሠራ መድኃኒት ለምን እውጣለሁ?" እብጠት የሚያጠፋ ኪኒን ነው ብለን የሰጠነው እኛ ነን። ለሥቃይ ብቻ ነው ብል፣ "ታዲያ የበሽታው የታለ?" ይለኛል። ኪኒኑን ተወው። በሁለተኛው ቀን ትራሱን ይነክስ ጀመር።

ያ ሁሉ ሥቃይ የበሽታው ብቻ አልነበረም። የእኔም ነበር።

በዚያው ሰሞን ይመር ከሎጊያ መጣ። ወሎ ውስጥ ዱዓቸው ይደርሳል የሚባሉ ሼህ አሉ፤ ሐሙስ በሚያልፍ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ልወስደው ነው አለ። እንድሪስ ደስ አለው። ኮቱን እንዳጥብለት ነገረኝ። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲያ ፊቱ ሲፈታ አላየሁም።

ለሲስተር ነገርኳት። ሆዱን ዳሰሰችው፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲይዝላት አዘዘችው። መዳፎቹ እንደ ክንፍ ይርገበገባሉ። ውጭ ወጥተን በሩ ላይ ቆምን።

"መንገዱን አይችለውም። ሚሌ ሳይደርስ ሊሞት ይችላል" አለችኝ። "ሌላም አለ። ጉበቱ ሥራውን ሲያቆም መርዙ ወደ አንጎል ይሄዳል። የእጁ መንቀጥቀጥ የእሱ መጀመሪያ ነው። ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን፤ ከዚያ አእምሮው ይደበዝዛል። የሚነጋገረው ካለ አሁን ነው። እንዳይሄድ የምከለክለው እኔ አይደለሁም። እሱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ በምን ይምረጥ?"

"ይመር አይፈቅድም" አልኳት።

"ሕመሙ የይመር ነው?"

ማክሰኞ ዕለት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሑመድ ወተት ይዞ መጣ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ አላቸው፤ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፣ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የታመመውን፣ የሞተውን ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ዳጉ ላይ አይዋሽም፤ ሰው በዚያ ወሬ መንገድ ይጀምርበታል፣ ከብቱን ይነዳበታል። ሑመድ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው የራሱን ዜና ነገረና የእንድሪስን ጠየቀ። እንድሪስም እብጠት እንደሆነ፣ ነገ ወሎ እንደሚሄድና ድኖ እንደሚመለስ ነገረው። ሑመድ ዓይኑንና ሆዱን አየ። ከዚያ ባዶውን የወተት ዕቃ ሊቀበለኝ ወደ እኔ መጣ።

"ሐዋ፣ ዜናው ጎዶሎ ነው" አለኝ። "እንዲህ ዓይን፣ እንዲህ ሆድ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ለባለጉዳዩ ያልተነገረ ዜና አይቼ አላውቅም። ውሃ የሌለበት ጉድጓድ እያሳየሽው ነው።"

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ይመር ገበያ ወጥቶ ሳለ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲስተር ከጥያቄ ጀምሪ ብላኝ ነበር፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይናገር፣ አንቺ ከዚያ አታልፊ።

"ስለ ሕመምህ ሐኪሙ ያለውን ማወቅ ትፈልጋለህ?" አልኩት።

"ያለው ነገር አለ ማለት ነው" አለ።

"አለ።"

"ንገሪኝ።"

ነገርኩት። ካንሰር ነው አልኩ። ጉበትህን ይዞታል። መድኃኒት የለውም። ኪኒኑ ለሥቃይ ብቻ ነበር።

"ይመር ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ሲስተር?"

"ታውቃለች።"

"ሑመድስ?"

"ዛሬ ገባው።"

"እንግዲህ በዚህ አገር ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ" አለ። ቀጥሎም፣ "ሁለት ወር ወሰዳችሁብኝ፣ ሐዋ" አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሲስተር ጋር ይዤ የማዞረው ሰው፣ ያን ጊዜ ብቻውን ዞረ። እስኪነጋ አላናገረኝም። ሐሙስም አላናገረኝም። አጠብኩት፣ አገላበጥኩት። ይመር ኮቱን ይዞ ገብቶ "ተነስ እንጂ፣ መኪናው ደርሷል" ሲለው፣ "አልሄድም። ሐዋ ነግራኛለች" ብቻ አለው። ይመር ወደ ጓሮ ተከተለኝ።

"ተስፋውን ገደልሽው" አለኝ። "አላህ ይጠይቅሽ።"

እኔም እንደዚያው እያሰብኩ ነበር። መኪናው ያለ እሱ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ኪኒኑን በውሃ ይዤ ቆምኩ። "ይህ አያድንህም" አልኩት። "ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያቀልልሃል።" እጁን ዘረጋ። "መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለሽ ብትሰጪኝ እውጠው አልነበር?" አለና ዋጠው። ከሰዓት በኋላ፣ ኪኒኑን ከተወ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ይመርን ጠርቶ፣ "ዱዓውን እዚሁ አድርግልኝ። አንተ ግን ሎጊያ ሂድና ልጄን አምጣልኝ" አለው። ይመር አለቀሰ። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ አይኬድም ነበር፤ ወረቀቱን ከቀበሌ አውጥቶ በዚያው ቀን ተሳፈረ። የእንድሪስ አእምሮ ሳይደበዝዝ ሰዓዳ ትደርስ ይሆን ብዬ ሰዓት መቁጠር ያዝኩ።

እሑድ ማታ ደረሱ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆመች። "ግቢ፣ አልነክስሽም" አላት። ሲስተር ለብቻዋ ይዛ የዓይኑን ቢጫነትና የሆዱን ነገር አስረድታት ስለነበር እንደፈራነው አልሆነችም።

አራት ቀን አገኙ። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ልጄን ከጎኑ አስቀምጦ በአሰብ መንገድ ያሉትን ከተሞች ስም በደብተር አጻፋት፤ አዋሽ፣ አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ፤ የት ጥሩ ውሃ እንዳለ፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ እንዳለበት፣ የትኛው ኬላ ላይ ያለው ወታደር ቀልድ እንደሚወድ ሁሉ አስቆጠራት፤ ስትሳሳትም "አይ፣ ገደል ከተትሽን" እያለ ያስቃት ነበር። ማክሰኞ ጎረቤቶች አልጋውን አውጥተውለት ሰው ሁሉ እየመጣ ከእሱ ጋር አውፍ፣ ይቅር ተባባለ። ዘመዶቹ ወሎ ይቀበር እንደሆነ ሲጠይቁ፣ "ሬሳዬን የሚያንገላታ መንገድ አውቃለሁ፤ እዚሁ ቅበሩኝ" አለ። ሐሙስ ሲመሽ እኔን ጠራኝ። "ተቆጥቼ ነበር" አለ። "አሁን አውፍ ብዬሻለሁ። አንቺም በይኝ።" አልኩት።

ዓርብ አእምሮው ሄደ። እኔን በዱሮ ረዳቱ ስም ጠራኝ፤ ጎማውን እይ አለኝ። አየሁት፣ ደህና ነው አልኩ። ሲስተር እየተቃወምኩ እንዳላስቸግረው፣ ድምፄን እንዳላነሳ ነገረችኝ። ፔቲዲኑ ከናዝሬት መጥቶ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ወጋችው። ከንፈሩን በጥጥ አራስኩ።

ሰኞ ጉሮሮው ማንኮራፋት ጀመረ። "ይህ እኛን ነው የሚያስጨንቀን፣ እሱን አይደለም" አለችኝ ሲስተር። በጎኑ አስተኛነው። ድምፁ ቀነሰ። ማክሰኞ ጠዋት እግሩ በረደ። ወደ ቂብላ አዞርነው። ይመር ከቁርኣን ያሲንን ቀራ። ሰዓዳ እግሩን ይዛ ነበር። የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን፣ በጆሮው አልኩለት። ትንፋሹ ራቀ። እንደገና መጣ። ከዚያ አልመጣም።

ሲስተር ለዱዓችን ቦታ ለቃ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቆማ ነበር። ስወጣ ሰዓቷን አይታ ጻፈች፤ ከዚያ እጄን ይዛ ተቀመጠች። እስከ ቀብሩ ድረስ አልሄደችም። በዒዳዬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በቤቷ በምትቆይባቸው ወራትም፣ ማታ ማታ መምጣቷን አልተወችም፤ መድኃኒት የምትሰጠው ሰው ሳይኖር ልጄን ሒሳብ ታስጠና፣ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደሆነና እህል በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ የዳንኩት በዚያ መንገድ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድ ቀን ሻይ ቤቱን ከፍቼ በማግስቱ ዘግቼ፣ ሐዘኑ እያለ ሥራውን እንደገና እየለመድኩ ነው። በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች። የት እንዳለች አላውቅም። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ አመሰግንሻለሁ።

ይመር ለረጅም ጊዜ ተቀይሞኝ ኖረ። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት በኋላ እሱ ራሱ ሳንባውን ታመመ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ልጆቹን ትቶ እኔን አስከተለ። ውጤቱን ለእኔ ሊነግረኝ ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ሲጠራኝ፣ "እሱም ይስማ" ብዬ ይዤው ገባሁ። ወጥተን ቤቱ ስንደርስ፣ "አንቺን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው" አለኝ።

ለምታስታምሙ የምለው ጥቂት ነው። ሕመምተኛውን አታስገድዱ፤ ምግብ ባይበላ ስላልወደዳችሁ አይደለም። የሥቃይ መድኃኒት በሰዓቱ ስጡ፣ እስኪጮህ አትጠብቁ። አፉን አርጥቡ። ጠያቂ ሲበዛ ደፍራችሁ አስወጡ፤ የሚቀየም ይቀየም። ልጆችን አታርቁ። ስለ እውነቱ ግን፣ ማንም ሳይፈልግ እንዲሰማ አታድርጉ፤ ማወቅ የማይፈልግም አለ፣ እሱም መብቱ ነው። ጠይቁት ብቻ። ስትጠይቁት ደግሞ አእምሮው ገና ሳለ ይሁን። እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ያ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ያ አራት ቀን ያጽናናኛል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ከተማ አልነበረም፤ ከሎጊያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ከአንዲት ነርስ ጋር ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ቤት እሄዳለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፤ ስለ ሕመማቸው የሚጠይቁኝ ሲኖሩ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።